የስንቱን አገር አይሮፕላን ሲያነጻጽሩ ለኖሩት ለጋሼ ተሰማ

የመቱው ቡና ነጋዴ አቶ ተሰማ ኩምሳ ማረፋቸውን ስንሰማ ያመነ ሰው አልነበረም። ያዮ ቁልቁለት ላይ የጭነት መኪና ተገልብጦ ሞቱ አሉን። «በመኪና?» አልን ሁላችንም። እኔማ እስካሁን «በመኪና?» እያልሁ ነው።

ለማያውቋቸው ልንገር። ጋሼ ተሰማ በአይሮፕላን ነገር ቀልድ አያውቁም ነበር። ሱቃቸው ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጠን የአሜሪካኑ ይሻላል፣ የጣሊያኑ ይሻላል እያልን ስንከራከር ያዳምጡናል። ከካርቱም የመጣ ነጋዴ ከተገኘ ደግሞ ስለ እንግሊዙ ላብ እስኪያጠምቀው ይጠይቁታል። ሲነሣ ተንገጫገጨ ወይ? ዝናብ ሲመጣ ጠበቁ ወይስ በረሩ? በመጨረሻ ግን «የተሠራበትን አገር ተዉት፤ ከመነሣቱ በፊት ዙሪያውን ዞሮ የሚያየው ሰው አለ ወይ በሉ» ይሉን ነበር። እሳቸውም ሳይዞሩ አይሳፈሩም። ጎማውን በከዘራቸው ነካ ነካ ሲያደርጉ አብራሪዎቹ ይሥቁባቸዋል፤ እሳቸው ምን ገዷቸው!

ባለፈው ሰሞን እኅቴ ምጥ ጠናባት። አዲስ አበባ ካልደረሰች አትተርፍም ተባለ። አይሮፕላኑ ሞልቶ ነበርና ጋሼ የራሳቸውን ቦታ ለቀቁላት። ባሏ ገመዳ ግን ቃሬዛውን ይዞ አልለቅም አለ። «ናን ሶዳዳ፣ ጋሼ! እፈራለሁ! እኔ አይሮፕላን የማውቀው ቦምብ ሲጥል ነው!»

ጋሼ አልተቆጡትም። እጁን ይዘው በአይሮፕላኑ ዙሪያ አዞሩት፤ ጎማውን አስነኩት። «እኔ የወለድኋትን ልጅ እሰድድበታለሁ። አንተስ?» አሉት። ገመዳ እያለቀሰ እሺ አለ።

እሳቸው አዲስ አበባ ቀጠሮ ስለነበራቸው ቡና በጫነ መኪና ተሳፈሩ። «ጋሼ፣ ይኼንንስ አይዞሩትም?» ብላቸው ከት ብለው ሣቁ። «ተው እንጂ! መሬት ለመሬት ለሚሄድ ደግሞ ምን ይታያል?»

ፍሬኑ እንቢ አለ አሉ። ያን ሁሉ ዘመን ስንከራከር፣ መኪናን ከአይሮፕላን ጋር ላነጻጽር ያለ ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። እንዴት አንድ ሰው ይጠፋል?

ጋሼ፣ እኅቴ በሰላም ተገላግላለች። ወንድ ልጅ ነው። ሰኞ ትመጣለች፤ ሕፃኑን ከሁሉ በፊት ጋሼ ናቸው የሚያቅፉት ብላለች አሉ። ገመዳና እኔ አይሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ላይ ቆመን እንጠብቃታለን። እግዜር ነፍስዎን ይቀበልልን፣ ደኅና ይሁኑ። እሷ ግን እስካሁን አልሰማችም፤ የሚነግራትም ሰው አጥተናል።