ከመቶ እርምጃ የተነሳ ፎቶ

ሌንሱን የሰጠኝ አንድ አዛውንት ቱሪስት ነው። ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ አዞ ሲያነሳ ሦስት ቀን ዕቃውን ተሸክሜለት ነበርና፣ ሊሄድ ሲል «እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፣ አንተ ሥራበት» ብሎ ትቶልኝ ሄደ። አጭርና ወፍራም ነው፤ የዱቄት ወተት ጣሳ ያክላል። ሩቅ የሚያይ ሌንስ ክንድ ሙሉ መሆን አለበት ብሎ ለለመደ ሰው ቀልድ ይመስላል። ምስጢሩ ውስጡ ያሉት መስታወቶች ናቸው። ብርሃኑ ይገባል፣ ከኋላኛው መስታወት ነጥሮ ወደፊት ይመለሳል፣ እንደገና ነጥሮ ፊልሙ ላይ ያርፋል። የብርሃን መግቢያውን ማጥበብም ማስፋትም አይቻልም፤ ፀሐይ ከሌለች ሥራ የለም።

ፎቶ ቤቴ ከተማው ውስጥ ሲቀላ ሰፈር ነው። የመታወቂያና የፓስፖርት ጉርድ በዲጂታል አነሳለሁ፤ ፊልም ግን የራሴ በሽታ ነው። አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ጥቁርና ነጭ ፊልም ያመጣልኛል፣ ጓዳዬን አጨልሜ ራሴ አጥበዋለሁ። የፊልሙ ሠላሳ ስድስት ፎቶ ሳይሞላ ግን ሞቼ ነው የማጥበው። ይህን ልማዴን ልብ በሉልኝ።

እናቴ ደጋው አገራችን ገረሴ ላይ ስትሞት እኔ ያንን ሌንስ ደግኜ የአዞ ገበያ የሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ነበርኩ። ስልኬ ኔትወርክ አልነበረውም። ቆላው ላይ፣ ላንቴ፣ ሙዝ የሚያለማው ታላቅ ወንድሜ መርዶውን ሰምቶ ወደ ደጋ ወጣና ቀበራት። አንድ ቀን አልጠበቀኝም። በማግስቱ ካሜራዬ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ስደርስ፣ በለቀስተኛው ሁሉ ፊት «መጣህ? አዞዎቹስ ደህና ናቸው?» አለኝ። ድንኳን ውስጥ አንድም የሳቀ ሰው የለም። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

«እናቴን ሳላያት አፈር ያለበስካት አንተ ነህ። ከዛሬ ወዲያ ወንድም የለኝም» አልኩት። ስድስት ዓመት አልተነጋገርንም። ጋሼ እያልኩ ያደግኩትን ሰው «ሰውዬው» እለው ጀመር።

በእኛ በጋሞዎች የበኩር ልጅ ባይራ ይባላል፤ አባት ሲያልፍ በአባት እግር የሚቆመው እሱ ነው። ታናሽ ወደ ባይራው ይሄዳል እንጂ ባይራው ወደ ታናሹ አይሄድም። ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው ሁለት ጊዜ ፎቶ ቤቴ ድረስ መጡ። ሳር የያዘ ሽማግሌ እምቢ አይባልም፤ እኔ ግን አልኩ። «እሱ ይምጣ» አልኳቸው። ከመካከላቸው በዕድሜ የሚበልጡት ሳራቸውን እንደያዙ «ልጄ፣ ታላቅህን ዝቅ አድርገህ አንተ የት ልትቆም ነው?» አሉኝ። ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው ብዬ ሸኘኋቸው።

እውነቱን ልናገር፣ ወንድሜ ናፈቀኝ። ለማንም አልነገርኩም። ባለፈው ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በባጃጅ ላንቴ እወርድና፣ ከማሳው ማዶ በመስኖው ቦይ ዳር ያለ ማንጎ ሥር ተሸሽጌ ሌንሱን እደግን ጀመር። ከማንጎው እስከ ሙዙ መቶ እርምጃ ነው፣ ሰው ሳይኖር ቆጥሬዋለሁ። በመስታወቱ ውስጥ ግን ወንድሜ እፊቴ የቆመ ያህል ነበር። ሸብቷል። ግራ እግሩን ይጎትታል። የደረቀውን ቅጠል እየቆረጠ ሙዙን እንደ ሰው ይቆጣዋል፣ እናታችን ጎመኗን ትቆጣ እንደነበረው። ፎቶ አላነሳም ነበር፤ ለእሱ ፊልም ማቃጠል መሸነፍ መስሎኝ። ማየት ብቻ።

አንድ ቅዳሜ ፀሐይዋ ከእሱ ትከሻ በስተቀኝ ወጥታ ፊቱን ግማሽ በግማሽ አበራችው። ፎቶ አንሺነቴ ኩራቴን አሸነፈውና ጣቴ መጫኛው ላይ አረፈ። ወንድሜ ቀና አለ፣ ወደ እኔ ዞረ፣ ተጫንኩት። ካሜራው ሲያነሳ ማያው ለቅጽበት ይጨልማል፤ ፎቶ አንሺ ያነሳትን ቅጽበት ራሱ አያያትም። ብርሃኑ እስኪመለስ እንኳ አልጠበቅኩም። ያየኝ መሰለኝና ሌንሱን በጋቢ ጠቅልዬ በቦዩ ውስጥ ጎንበስ ብዬ እንደ ሙዝ ሌባ ሾልኬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ሄጄ አላውቅም፣ አፈርኩ። ያቺ ፎቶ ሃያ አንደኛዋ ነበረች። አሥራ አምስት ስለቀረኝ ፊልሙን አላጠብኩትም፤ አምስት ወር ካሜራው ውስጥ ተቀመጠ።

በስድስተኛው ወር ወንድሜ ታመመ ሲባል ሞተ። ቀብሩ ላይ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሜ ነበር።

አርባው ሊደርስ ሲል ሚስቱ ፎቶ ቤቴ መጣች። ከቦርሳዋ ውኃ የጠጣ የቀበሌ መታወቂያ አወጣች፤ ፊቱ ታጥቦ ጆሮው ብቻ ቀርቷል።

«ለአርባው ድንኳን ውስጥ የማቆምለት ፎቶ የለኝም። ስልክ ሲደቀንበት ፊቱን በክንዱ ይከልል እንደነበር ታውቃለህ» አለችኝ። «አንተ ጋ ግን አይጠፋም።»

«ከየት አምጥቼ፣ እትዬ?» አልኩ።

«አይጠፋም» አለች፣ ወንበሩ ላይ እየተቀመጠች።

ጓዳ ገባሁና አሥራ አምስቱን ባዶ ትቼ ፊልሙን አጠብኩት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ኔጌቲቩ እስኪደርቅ ጠብቄ በትልቁ አተምኩት። ወረቀቱ መድኃኒቱ ውስጥ ቀስ እያለ ሲጠቁር መጀመሪያ የመጡት ከኋላው ያሉት የጤዛ ቀለበቶች ናቸው፤ ይህ ሌንስ የራቀውን ብርሃን ሁሉ ቀለበት ያደርገዋል። ከዚያ ፊቱ መጣ፣ የሽፋሽፍቱ ፀጉር እስኪቆጠር ጥርት ብሎ። የሚያየው ሌንሱን ነበር። ከዚያ ቀኝ እጁ መጣ። ከፍ ብሎ፣ መዳፉ ወደ ታች፣ ጣቶቹ ወደ ራሱ ታጥፈው። ይህን ምልክት የእኛ አገር ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ና ነው።

እርጥቡን ወረቀት ይዤ ወጣሁ። አየችውና አላለቀሰችም።

«ያ መስታወትህ እኮ ባዘዋወርከው ቁጥር ያብለጨልጫል» አለችኝ። «ማንጎው ሥር ያለው ምንድን ነው ብዬ ስጠይቀው፣ ‹ወንድሜ ነው፣ ዛሬ ለሦስት ሰው ሥሪ› አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ የበቆሎ ኩርኩፋ በሽፈራው ቅጠል እሠራለሁ፣ እስኪቀዘቅዝ እንጠብቅሃለን። አትመጣም።»

«ለምን አልጠራኝም?» አልኩ። ድምፄ የቁጣ ነበር፤ ተናድጄበትም ነበር። መቶ እርምጃ እኮ ነው፣ አንድ ጊዜ ጮክ ቢል እሰማዋለሁ።

ፎቶው ላይ እጁን በጣቷ ነካችው። «ይኸው ጠርቶሃል» አለችኝ።

ዓይን ካላየበት ግንባር ነው ይባላል፤ እኔ ደግሞ ሌላ ዓይን ጨምሬ ነው ያላየሁት።

ለአርባው ፊቱን ብቻ ቆርጬ አተምኩላት። እጁ ያለበት እኔው ጋ ቀረ። ድንኳኑ ውስጥ የገባ ሁሉ ፎቶው ፊት እየቆመ ራሱን ይነቀንቃል። እርጥብ ሳር ይዘው ፎቶ ቤቴ የመጡት አዛውንትም ነበሩ። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ረጅም ጊዜ አዩት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ትከሻዬን ያዙኝ።

«ታርቃችሁ ኖሯል ለካ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉኝ። «ከአጠገቡ ቆመህ ነው ያነሳኸው።»

«አዎ አባቴ» አልኳቸው።