አክስቴ ያጠባችው ቻይናዊ

ጠዋት ከደጋው ከተማችን ፒያሳ ተነስቼ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ጉሙ ሚኒባሱን እስከ መንገዱ አጋማሽ ይሸኘዋል። ከዚያ ድንገት ይገለጥና ታች ፀሐዩ፣ ሙቀቱ፣ የፋብሪካው ጣሪያ ይታያል። ስድስት ዓመት በዚህ መንገድ ተመላልሻለሁ። ከእንቅልፌ በደንብ የምነቃው ኮምቦልቻ ስገባ ነበር። ለዚህ ይሆናል ደጋው ላይ የሆነው ሁሉ፣ ቦሩ ሜዳም፣ አክስቴም፣ ያ ሰውዬም፣ ዛሬ ትዝ የሚለኝ በግማሽ እንቅልፍ እንዳየሁት ሆኖ ነው።

አስተርጓሚ ነበርኩ። አዲስ አበባ ቻይንኛ ተምሬ አንድ የጨርቅ ፋብሪካ ገባሁ። ቻይናውያኑ የሚሉትን ለሠራተኛው፣ ሠራተኛው የሚለውን ለቻይናውያኑ አደርሳለሁ። እውነቱን ለመናገር ሁሉንም አላደርስም ነበር። ስድቡን እውጠዋለሁ፣ ቁጣውን አለዝበዋለሁ፣ አንዳንዴም ማንም እሺ ሳይል «እሺ ብለዋል» እላለሁ። ፋብሪካው በሰላም ውሎ የሚያድረው በእኔ ምላስ ነው ብዬ እኩራራ ነበር። ጉድ የሠራኝም ይኸው ምላሴ ነው።

ሰውዬው የሽመና ማሽን መካኒክ ነበር፤ ሃምሳዎቹን ያጋመሰ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ። ሌሎቹ ቻይናውያን ተሰብስበው ምሳ ሲበሉ እሱ ሳህኑን ይዞ ዳር ይቀመጣል። በየጊዜው ስልካቸው ላይ ከኤምባሲያቸው መልእክት ይደርሳቸዋል፤ ተመዝገቡ፣ ያላችሁበትን አገር ሕግና ባህል አክብሩ የሚል። ሌሎቹ አንብበው ያልፉታል። እሱ ግን ደጋግሞ ያነበዋል። ምን ይሆን የሚፈልገው እያልኩ እገረም ነበር።

አንድ ቀን የብረት ስንጣሪ ዓይኑ ውስጥ ገባበትና ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ወሰድኩት። ስንጣሪውን አወጡለት፣ ግራ ዓይኑን በፋሻ ሸፈኑለት፣ ነገ ጠዋት ተመለሱ አሉን። የአክስቴ ቤት ከሆስፒታሉ ብዙም አይርቅም። ኮምቦልቻ ወርዶ ከመመለስ እዚያው ይደር ብዬ ይዤው ሄድኩ።

አክስቴ ባሏ ሞቶባታል። አንድ ልጅ ነበራት፣ ከእኔ ጋር እንደ ወንድምና እህት አብሮ ያደገ። በየመን በኩል ሳውዲ እገባለሁ ብሎ ወጣ። መንግሥት ከዚያ አገር ልጆቻችንን በአይሮፕላን እየጫነ ሲመልስ አክስቴ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ወርዳ፣ ከየአውቶቡሱ የሚወርደውን ሰው ፊት አንድ በአንድ ስታይ ሰነበተች። የሷ ልጅ ከመሀላቸው የለም። በኋላ ወደ የመን ሲሻገሩ ጀልባው ላይ አብሮት የነበረ አንድ ተመላሽ መጣና የሆነውን ነገራት። ለቅሶ ተቀመጥን። ከዚያ ወዲህ አክስቴ ሳቋን ቆጥባ የምትስቅ ሰው ሆናለች።

ያን ዕለት ግን እንግዳዋን ስታይ ፊቷ ፈታ አለ። «አብሽሩ፣ ዓይን ይድናል፤ አላህ ያሽርዎ» አለችው። እኛ ፋብሪካ ውስጥ ቻይና አንቱ ተብሎ አያውቅም፤ እሷ አንቱ አለችው። አበላችው፣ እርጎ ሰጠችው፣ ከዚያ አገርዎ ወዴት ነው ብላ ጠየቀችው። ቻይና ነው ብዬ ልመልስላት ስል እጁን አንስቶ አስቆመኝና ራሱ ቀስ እያለ ማውራት ጀመረ።

የተወለደው ቬትናም ነው። አያቱ ከቻይና ሄደው ሱቅ የከፈቱበት ከተማ። እሱ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው ሁለቱ ጎረቤት አገሮች ተጣሉ። ትናንት ከሱቃቸው ስኳር ሲገዛ የነበረ ጎረቤት አገራችሁ ግቡ አላቸው። ከወዲያ ማዶ ደግሞ አገራችሁ ትቀበላችኋለች የሚል ወሬ መጣ። እናቱ እጁን ይዛ ድንበር ላይ ያለውን ድልድይ በእግር ተሻገሩ። አባቱ ሱቁን ሸጬ እደርሳለሁ ብሎ ቀረ። ድንበሩ ተዘጋ።

ከባሕር ማዶ ለተመለሱ ቻይናውያን ተብሎ የተቋቋመ የሻይ እርሻ ላይ አሰፈሯቸው። የእርሻው ኃላፊ ይሰበስባቸውና ስለ አገራቸው ደንብ ያስረዳቸው ነበር። አንድ ሰው የሁለት አገር ዜጋ አይሆንም፤ ውጭ ያለ ወገናችን እንደተዳረች ልጅ ነው፣ በባሏ ቤት ሕግ ትኑር፣ እኛም ዘመዶቿ ነን፣ ይላቸዋል። በቬትናም ቻይና ይባል የነበረው ልጅ በቻይና ቬትናም ተባለ። ዓመታት አለፉና ሁለቱ አገሮች ታረቁ። ድልድዩ ተከፈተ፣ የጭነት መኪናው ተሰለፈ። አባቱን ፍለጋ ቢሄድ አባቱ ሞቷል፣ ሱቁም ስልክ መሸጫ ሆኗል።

«ተመላሽ ይሉኝ ነበር» አለ። «ረግጬው የማላውቀውን አገር እንዴት ነው የምመለስበት?»

ይህንን እንኳ ሳልቀንስ ሳልጨምር ነገርኳት።  አክስቴ፣ ታዲያ የተዳረችው ልጅ ተፈትታ ስትመጣ በር ሥር ነው የሚያስተኟት? ብላ ጠየቀች። ደግሞም እንዲህ ያለውን ሰው ዝም ብሎ መሸኘት ነውር ነው አለችና ወጥታ ሁለት ጎረቤት ሽማግሌዎች ጠርታ መጣች።

ምን ልታደርግ እንደሆነ የገባኝ የማር ዕቃውን ሳይ ነው። በእኛ አገር ትልቅ ሰውም ቢሆን የጡት ልጅ ይሆናል። እናት የምትሆነው ሴት አውራ ጣቷን ማር ነክራ ታጠባዋለች፣ ምስክር ይቆማል፣ ከዚያ ወዲያ ልጅ ነው። ለቅሶዋ ለቅሶው፣ በዓሏ በዓሉ ይሆናል። አክስቴ ቢስሚላሂ ብላ ጣቷን ማሩ ውስጥ ነከረችና ወደ አፉ አስጠጋች። «ከዛሬ ጀምሮ የጡት ልጄ ነህ» ብላ አለቀሰች። አንቱታው ቀረ።

እሱ በአንድ ዓይኑ እኔን ተመለከተኝ። ምን ልበለው?

«መድኃኒት ነው» አልኩት። «በእኛ አገር ዓይኑን የታመመ ሰው ማር ይልሳል።»

የሰውዬውን ኮንትራት አሰብኩ፤ ነገ ጥሏት ቢሄድ ሁለተኛ ልጅ ማጣቷ ነው ብዬ ፈራሁ። ይሄ ለሰው የምናገረው ምክንያት ነው። ሌላም አለ፣ ልዋሽ አልችልም። ቀናሁ። አብሮኝ ያደገው ልጅ በተቀመጠበት መደብ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ የሱን እናት ጣት ሊጠባ ነው፤ አንጀቴ እምቢ አለ። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ማሩን ላሰ። ሽማግሌዎቹ መረቁ። እኔም ምርቃቱን ቶሎ ይዳን ነው የሚሉት ብዬ ጨረስኩት።

ከዚያ በኋላ አክስቴ ልጅ እንዳላት ሴት ኖረች። አረፋ ሲደርስ ከእርዱ የልጇን ድርሻ ለይታ አስቀመጠች። ልጇ አልመጣም። እንዴት ይመጣል? ልጅ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለም። ሥራ በዝቶበት ነው አልኳት። በሁለተኛው አረፋም እንደዚያው። በሦስተኛው ሄጄ ሳያት ከስታለች፣ ነጠላዋ ሰፍቷታል። «ያስቀየምኩት ነገር አለ እንዴ?» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ያኛው እንኳ ሞቶ ነው የቀረው። ይሄ በሕይወት እያለ እናቱን ተወኝ።»

 እነግረዋለሁ ብዬ ወረድኩ። ታች ስደርስ ነገ ይሁን አልኩ። እንዲህ እያልኩ ሁለት ወር አለፈ።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ራሱ መጣ። ኮንትራቱ አልቋል፣ ነገ ከሰዓት በኋላ ከኮምቦልቻ ይበራል። ደህና ሁኚ ሊለኝ ነው። ከወንበሬ ተነሳሁና ጃኬትህን ልበስ፣ ደጋ እንወጣለን አልኩት። ለምን ብሎ አልጠየቀም።

ሚኒባሱ ዳገቱን ሲይዝ ጉሙ ተቀበለን። መስኮቱ ነጭ ሆነ፤ ከፊታችን ያለው መኪና መብራት ብቻ ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል። ሰው ፊቴን በደንብ በማያይበት ቦታ መናዘዝ ይቀላል መሰለኝ፣ ሁሉንም ነገርኩት። ማሩ መድኃኒት እንዳልነበረ። ልጅ እንደሆነ። ሦስት አረፋ ድርሻው ተለይቶ እንደጠበቀው። መቅናቴንም ሳላስቀር።

 እሱ ከመስኮቱ ሳይዞር «የተሸፈነው አንድ ዓይኔ ብቻ ነበር» አለ።

ደነገጥኩ። መድኃኒት ለመስጠት ምስክር አይጠራም አለኝ። በዕድሜው ብዙ ጊዜ ተቆጥሯል፣ ብዙ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ የሚመዘግቡትን ሰዎች ፊት ያውቀዋል። ከእነሱ አንድም ያለቀሰ የለም፤ አክስቴ ግን ስትቀበለው አለቀሰች። ያኔ ነው የገባው።

ታዲያ እያወቅህ ለምን አልመጣህም አልኩት፤ ተቆጣሁም መሰለኝ። ጥፋቱ የኔ ሆኖ እሱን መቆጣቴ!

«አንቺ መድኃኒት ነው አልሽኝ» አለ። «ቤቱ ያንቺ ነው። ካልፈለግሽኝ በግድ አልገባም ብዬ ነው። ማንም ሳይጠራኝ አንድ አገር ገብቼ አይቼዋለሁ።»

 ቦሩ ሜዳ እስክንደርስ አለቀስኩ፣ እሱም መሀረቡን ሰጠኝ።

አክስቴ ደጅ ላይ እህል እያበጠረች አገኘናት። ቀና አለች። እኔን አላየችኝም። ሰፌዱን አስቀመጠችና ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ተቀይማ ነው ብዬ ፈራሁ። ስትወጣ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዛለች። ፈታችው። ቋንጣ ነው፣ የሦስት አረፋ ሥጋ፣ ጠቁሮ የደረቀ። በየዓመቱ ድርሻውን ዘልዝላ ሰቅላው ኖሯል። «ያንተ ነው» አለችው።

ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለ። አንዱን ቁራጭ አፉ ውስጥ ከቶ ቆሞ ያኝክ ጀመር፣ ቶሎ የሚላመጥ አልነበረም። እሷ ጉንጩን እያየች ትጠብቃለች። እኔ ደግሞ ያደረግሁትን አንድም ሳልደብቅ ነገርኳት። ሰማችኝ። የሟቹን ልጇን ስም ጠራችና፣ እሱ ቢሆን ቦታውን ለቆ ነበር የሚያስቀምጠው አለችኝ። ከዚያ በላይ አልተቆጣችኝም። ያ በቂዬ ነበር።

እስከ መኪና ማቆሚያው ድረስ ሸኘችን። ሚኒባሱ ሞልቶ ሊነሳ ሲል ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

«ተመለስ በይልኝ» አለች።

ያቺ ቃል በሻይ እርሻው ስም ውስጥ ያለችው፣ «ተመላሽ» ያሰኘችው ናት፤ ዕድሜ ልኩን ስትወጋው የኖረች። አፌ እንደ ልማዱ ሌላ ፈለገ። ደህና ሁን ብላለች ልበለው? እንገናኝ? ሁለቱም ይቀላሉ። አክስቴን አየኋትና ያለችውን ራሱን ነገርኩት።

ሰውዬው ቋጠሮውን ደረቱ ላይ እንደያዘ ወደ እሷ ዞረ።

«እሺ» አለ። «እዚህስ ነበርኩ፤ መመለስ እችላለሁ።»