ስቱዋርድ ተብዬ የፈረምኩት ወረቀት

በፈረንጅ አገር ሥራ የጀመርኩት ክሪስታል ሲቲ በሚባል ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት ነው። የተቀበለኝ ሚስተር ኮሊን የሚባል ረጅም ሰው ነበር፤ ያን ጊዜ የክፍላችን ዋና ኃላፊ ነው። የማያንሸራትት ጫማ፣ የጎማ ሽርጥና ስሜ የተጻፈበት ባጅ ሰጠኝ። ከስሜ በታች «ስቱዋርድ» ይላል። ባጁን ደረቴ ላይ ሳደርግ ኮራሁ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ እቃ ማጠቢያው ማሽን ፊት ቆሜ ከሳህን ላይ የሰው ትራፊ እጠርግ ነበር።

በሆቴል ቤት ስቱዋርድ ማለት እቃ አጣቢ ነው። ሳህን፣ ብርጭቆ፣ ድስት፣ ሹካና ማንኪያ በእጁ ያልፋል። ከእሱ በላይ ሊድ ስቱዋርድ አለ፤ ቀጥሎ ሱፐርቫይዘር፤ ከሁሉ በላይ ዋና ስቱዋርድ። አዲስ አበባ ላለው ታናሽ ወንድሜ «ስቱዋርድ ሆንኩ» ብዬ ብነግረው አውሮፕላን ላይ የምሠራ መስሎት ለሰፈሩ ሁሉ አወራ። «ዛሬ የት ደርሰህ መጣህ?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ አላረምኩትም። ይህን የምጽፈው በኋላ የሠራሁትን የከፋ ነገር ከመናገሬ በፊት፣ ለመዋሸት አዲስ እንዳልነበርኩ እንድታውቁት ነው።

አንድ ቀን በሠራተኞች ምሳ ቤት ሚስተር ኮሊን ትሪውን ይዞ አጠገባችን ተቀመጠና «ስቱዋርድ የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ?» አለ። መልስ ሳይጠብቅ «የአሳማ ጋጣ ጠባቂ ማለት ነው» ብሎ ሳቀ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ ባቡር ውስጥ ስለ ሳቄ ተናደድሁ።

የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ራሴ ነኝ ያስተማርኩት። በሳምንቱ በምኖርበት በሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤተ መጻሕፍት ያረጁ መጻሕፍት ሲሸጥ አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት ገዛሁ። ጀርባው የተገነጠለ ነው። እርሳስ ይዤ ቃሉን ፈለግሁ።

በጥንቱ እንግሊዝኛ ከሁለት ቃል የተሠራ ነው። ፊተኛው ቤት ወይም አዳራሽ ነው፤ ኋለኛው ጠባቂ። የጌታውን ቤት የሚጠብቅ፣ ማዕዱን የሚያዘጋጅ፣ አሽከሮቹን የሚያዝ ሰው ነው ስቱዋርድ። ስለ አሳማው የሚወራው ማስረጃ የለውም ይላል። እስኮትላንድ ውስጥ ይህን ሹመት ሲወራረስ የኖረ ቤተሰብ ሹመቱን ስሙ አድርጎ በመጨረሻ ነገሠ። በኋላ ቃሉ መርከብ ላይ ወጣ፤ የስንቅ ኃላፊ ሆነ። ከዚያ አውሮፕላን ላይ። ለቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ የሚያከራዩን ፈረንጆች ደግሞ ስቱዋርድ የሚሉት በሩን የሚቆልፉትን፣ ጣራው ሲያፈስ የሚጠሩትን ሽማግሌ ነው። ከንጉሥ እስከ እቃ አጣቢ ድረስ አንድ ቃል ተሸክሟል። ከሁሉም ሥር ግን ቤት ጠባቂው አለ።

በማግሥቱ ለሚስተር ኮሊን ነገርኩት። «ቃሉ ውስጥ አሳማ የለም» አልኩት።

«ቴስ፣ ቀልድ እኮ ነው። ሪላክስ» አለኝ። ተሰማ የሚለው ስሜ ይከብደዋል።

ዓመታት አለፉ። ሚስተር ኮሊን የምግብና መጠጥ ክፍል ዲሬክተር ሆነ። እኔ ሊድ ስቱዋርድ ሆንኩ፤ ቀጥሎም ሠራተኞቹ የሠራተኛ ማኅበራችን ተጠሪ አድርገው መረጡኝ። ተጠሪውንም እንግሊዝኛው ስቱዋርድ ይለዋል፤ ሾፕ ስቱዋርድ። ደረቴ ላይ ሁለተኛ ባጅ ተጨመረ። ሠራተኛ ለቅጣት ሲጠራ አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ የአለቃውን ቃል እጽፋለሁ፤ ያልተገባ ቅጣት ከሆነ በጊዜው አቤቱታ አስገባለሁ። ያን ቀን መዝገበ ቃላቱን እንደገና ከፍቼ ከቃሉ አጠገብ በእርሳስ ቀኑን ጻፍኩ። እንዲህ ያለ ትዕቢት ነበረኝ።

አዲስ ሰው ሲመጣ ማሽኑን የማስተምረው እኔ ነኝ። ትራፊውን ጥረግ፣ ራክ በሚባለው ፍርግርግ ላይ ደርድር፣ በመርጫው ውኃ እርጭበት፣ ወደ ማሽኑ ግፋ። ዋናው ነገር የመጨረሻው ማለቅለቂያ ነው። መለኪያው መቶ ሰማንያ ፋራናይት ካልደረሰ ጀርሙም አይሞትም፣ ሳሙናውም ከብርጭቆው አይለቅም። በየፈረቃው ቁጥሩን አይተን ማሽኑ ጎን በተሰቀለው ሎግ በሚባል መዝገብ ላይ እንጽፋለን፤ እንፈርማለን። ብዙዎቹ መለኪያውን ዘወር ብለው ሳያዩ መቶ ሰማንያ ብለው ይጽፋሉ።

አስካለን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ከሆቴሉ ብዙ በማትርቀው በአሌክሳንድሪያ ከተማ የምትኖር፣ ከእኔ በአሥር ዓመት ያህል የምታንስ፣ ሥራ የማትመርጥ ሴት ናት። ጋሼ ትለኝ ነበር። ባሏ ስኳር አለበት፤ ኢንሱሊኑ የሚገኘው እሷ በሥራዋ በምታገኘው የጤና ኢንሹራንስ ነው። የመጀመሪያ ቀን መለኪያውን ሳታይ ስትጽፍ ያዝኳት።

«አስካለ፣ ምን አየሽ?»

«ያው እንደ ትናንቱ ነው ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

«ያላየሽውን አትጻፊ። አንድ መቶ ከሆነ አንድ መቶ ብለሽ ጻፊ። ፊርማሽ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ሁሉ ያላየችውን ጽፋ አታውቅም።

አንድ ሰሞን ማለቅለቂያው ሙቀት አልይዝ አለ። አስካለ መቶ ሃምሳ ሁለት፣ መቶ አርባ ስምንት እያለች በየቀኑ ጻፈች። ለሱፐርቫይዘሩ ነገረች፤ እኔም ነገርኩ። የሚስተር ኮሊን መልስ «ሰው ጠርተናል፤ እስኪመጣ ሥሩበት» ነበር። ቅዳሜ ትልቅ ሠርግ ነበር። ብርጭቆዎቹ ሳሙና ሳሙና ሸተቱ። የሙሽራዋ አባት ለጽዋ ማንሻው ተነሥቶ አንዴ ፉት አለና ሰው ሁሉ ፊት ወደ ብርጭቆው ተፋው።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ አስካለ ደወለች።

«ጋሼ፣ ኮሊን ኮል አድርጎኝ ሰስፔንድ አደረገኝ፤ ሥራ እንዳትገቢ አለኝ። ማሽኑን ሳታዪ ነው የነዳሽው አለኝ። ሎጉ ላይ ጽፌያለሁ እኮ! ሎጉን ያሳዩልኝ።»

«አይዞሽ። ሰውዬውን ከድሮ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሽማግሌ ይዤበት እሄዳለሁ፤ ይለቃል።»

«ምን አጠፋሁና ነው ሽማግሌ?»

«አንቺ ዝም በይ። ለእኔ ተዪው።»

ስልኩን ዘጋን። የማኅበሩ ደንብ አቤቱታ አስገባ፣ ሎጉን አያይዝ፣ ከአለቃው ጋር ብቻህን አትነጋገር ይላል። ደንቡን በቃሌ አውቀዋለሁ። ግን አሳፋሪ መሰለኝ። ስንት ዓመት አብሮኝ የሠራ ሰው ላይ ወረቀት ይዤ ከመነሣቴ በፊት በሰው ወግ ልሞክረው አልኩ።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሆነን ሄድን፤ እኔ፣ የቤተ ክርስቲያናችን መጋቢ፣ እና ሆቴሉ በር ላይ ለብዙ ዓመት ሻንጣ የተቀበሉት ጋሽ ወርቁ። ቢሮው ስንገባ ተቀመጡ ቢለን አልተቀመጥንም። ጋሽ ወርቁ ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሡ። እኔ ተናገርኩ። እንደኛ ወግ አልኩት፤ አጥፍታለች፣ አላጠፋችም አንልም፣ ለእኛ ሲሉ ይማሩልን።

ሚስተር ኮሊን መጀመሪያ ግራ ገባው። ቀጥሎ ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ውኃ አቀረበልን።

«ይህ ደስ የሚል ባህል ነው፣ ቴስ። ልቤን ነክታችሁታል። የሰው ኃይል ክፍል እንዲገባው አሁን ያልከውን በጽሑፍ ታደርግልኛለህ?»

መጋቢው ክንዴን ነካ አደረጉኝና በአማርኛ «ተሰማ፣ ይሄ ነገር መጻፍ አለበት?» አሉኝ።

«ሥራቸው በወረቀት ነው፣ መጋቢ። ችግር የለውም» አልኳቸው።

ጠረጴዛው ጥግ ላይ ቆሜ ጻፍኩ። አስካለ ማሽኑን መፈተሽ ሲገባት አልፈተሸችም፤ ጥፋቷን አምናለች፤ ይቅርታ ይደረግላት። ከታች ስሜን፣ ከስሜ ቀጥሎ ስቱዋርድ ብዬ ፈረምኩ። አንድም ቃል ሳልሳሳት በመጻፌ ደስ አለኝ። ሚስተር ኮሊን ሦስታችንንም ጨብጦ እስከ አሳንሰሩ ሸኘን።

ሐሙስ አስካለ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ ድረስ መጣች። የስንብት ደብዳቤ ይዛለች። ከጀርባው የእኔ ወረቀት ተያይዟል። ልጄ ሜላት ተቀብላ አነበበችው።

«ዳዲ፣ ይሄ ኮንፌሽን ነው።»

«የይቅርታ ልመና ነው።»

«ኖ፣ ዳዲ። አጥፍታለች ይላል። አጥፍታለች?»

«አላጠፋችም።»

«ታዲያ ለምን ጻፍከው?»

«ድምፅሽን ቀንሺ!» አልኳት። ድምፅዋን አላነሣችም ነበር።

አስካለ ደብዳቤውን ተቀብላ አራት ቦታ አጠፈችው። አላለቀሰችም። «ጋሼ፣ ያላየሽውን አትጻፊ ብለውኝ አልነበር?» አለችኝና ወጣች።

እስከ ዛሬ የምናደደው በዚህ ነው። በሚስተር ኮሊን እናደዳለሁ፤ ውኃ አቅርቦ፣ ሳቅ ብሎ፣ አጥምዶ ያዘኝ። የከፋው ንዴቴ ግን በራሴ ነው። በአገራችን ሽማግሌ «አጥፍቷል» ሲል ለተበዳዩ ክብር መስጠቱ ነው። የሚሰማው ሰው ይህን ያውቃል፤ ጎረቤት ያያል፤ እምቢ ቢል ያፍራል። ሚስተር ኮሊን ከዚህ አንዱም የለበትም። እኔ የወጉን ግማሽ ተሸክሜ ሄጄ ግማሹን ከእሱ ጠበቅሁ። ደግሞ ያልተጠየቀች ሴት ስም ነው የሰጠሁት። ምን አጠፋሁ ስትለኝ ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ።

ማኅበሩ ጉዳዩን ወደ ገላጋይ ዳኛ ወሰደው። እስከዚያ አስካለ ኢንሹራንስ አልነበራትም። ባሏ ኢንሱሊኑን እየቆጠበ ይወጋ ነበር። እግሩ ቆስሎ ሁለት ጣቱ ተቆረጠ። ሐኪሙ በመቆጠቡ ነው አላለም። እኔ ግን እላለሁ።

ከችሎቱ በፊት የማኅበሩ ጠበቃ ለብቻዬ አስቀመጠኝ። «እንግሊዝኛህ ደካማ ስለሆነ የጻፍከው አልገባህም በል። ይቀበሉሃል» አለኝ። ቀላል መውጫ ነበር። አለባበሴ፣ ቆዳዬ፣ አነጋገሬ ሁሉ ይመሰክርልኝ ነበር።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ያወረዱ ሴት ነበሩ። ጠበቃችን የሎጉን ገጾች ዘረጋ። ሚስተር ኮሊን የእኔን ወረቀት ከላይ አስቀመጠበት።

«ይህ ፊርማ ያንተ ነው?» አሉኝ ዳኛዋ።

«የኔ ነው።»

«ስትጽፈው ትርጉሙ ገብቶህ ነበር?»

ጠበቃው አየኝ። አስካለ ከጠረጴዛው ማዶ እጆቿን እያየች ነበር።

«ገብቶኝ ነበር። እንግሊዝኛው ትክክል ነው። የጻፍኩት ግን ውሸት ነው።»

ሚስተር ኮሊን ወንበሩ ላይ ዞረ። «ቴስ፣ የትኛውን እንመን? ያን ጊዜ ነው የዋሸኸው ወይስ አሁን?»

«ያን ጊዜ። ሎጉን እይ። መቶ ሃምሳ ሁለት ብሎ የጻፈው የሷ እጅ ነው። ያላየውን የጻፈው የኔ እጅ ነው። ስሜም ቴስ አይደለም፤ ተሰማ ነው።»

ውሳኔው ከስድስት ሳምንት በኋላ መጣ። አስካለ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ኢንሹራንሷም ተመለሰ። የባሏ ጣቶች ግን አልተመለሱም። ሚስተር ኮሊን ምንም አልሆነም። እኔ ሁለተኛውን ባጄን አውልቄ ለማኅበሩ መለስኩ፤ ማንም አልጠየቀኝም፣ ማንም አይሆንም አላለኝም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ማሽኑ ፊት ቆሜ ሠራሁ።

አስካለ በተመለሰችበት ጠዋት ሎጉ አጠገብ ተገናኘን። መለኪያውን አየች፤ ጻፈች፤ ፈረመች። ከዚያ ዞር ብላ «እንደምን አደሩ፣ አቶ ተሰማ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጋሼ ብላኝ አታውቅም።

መዝገበ ቃላቱ አሁንም ቤቴ አለ። ከቃሉ አጠገብ በእርሳስ የጻፍኩትን ቀን በላጲስ አጥፍቼዋለሁ፤ ዱካው ግን ይታያል። ቤት ጠባቂ ይላል። ቤቱን ለማን እንደምጠብቅ ሳላውቅ ነው ስሙን የተሸከምኩት።

ለምትተኩኝ የምላችሁ ይህን ነው። መለኪያውን አይታችሁ ጻፉ። የሎጉን ኮፒ ቤታችሁ አስቀምጡ። ያላጠፋን ሰው አጥፍቷል ብላችሁ ይቅርታ አትለምኑለት።