ሁለቴ የታተመችው ልጅ

ባለቤቴ ላሲሲ ሚስት ሲመርጥ እንደዚያ አልተጨነቀም። እኔን ገበያ ላይ አንዴ አይቶኝ ሽማግሌ ላከ፤ አዲስ ካሜራ ለመግዛት ግን ከከተማችን ከኢላ እስከ ኦሾግቦ ከተማ ድረስ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ የምናውቀው እኔና የአውቶቡሱ ሾፌር ነን።

አሮጌው ካሜራ ከነባለሦስት እግር መቆሚያው ሰው የሚያጎብጥ ሣጥን ነበር። ቀን ሠርግ ቤት፣ ለቅሶ ቤት ተሸክሞት ይዞራል፤ ማታ ወገቡን የማሸው እኔ ነኝ። «ቀለል ያለ ግዛና ሁለታችንም እንረፍ» ብዬ ነዘነዝኩት።

አብሬው በሄድኩበት ቀን ሻጩ ሁለት ካሜራ ከፊታችን አስቀመጠ። «ይሄኛው ጥራቱ ወደር የለውም፤ ግን አንገትህ ላይ ወፍጮ እንዳሰርክ ነው። ይቺ ደግሞ ሸሚዝ ኪስ ትገባለች። ለዕለት ተዕለቱ እሷን የሚያህል የለም፤ በአንድ ፎቶ ቦታ ሁለት ስለምታነሳ ፊልምም ትቆጥባለች» አለ። ላሲሲ ግራና ቀኝ እጁ ላይ መዘናቸው፤ ትንሿን ጆሮው ላይ አድርጎ ቀጭ ስትል አዳመጠ።

«ሰው ሳይዘጋጅ ልይዘው እችላለሁ ማለት ነው» አለ ፊቱ በርቶ።

«ሌባ ልትሆን ነው?» አልኩት። ትንሿን ገዛ።

ከዚያ ወዲያ የከተማው ሰው መግቢያ መውጫ አጣ። በርበሬ ፈጪዋን በሥራዋ ላይ፣ ጸጉር ቆራጩን አፉን ከፍቶ ሲያዛጋ፣ እኔን የቦዬ መውቀጫ ዘነዘና እንደያዝኩ አነሳን። «አንተ ሰውዬ፣ እስቲ ሻሼን ልሰር!» ስለው «ሳታስሪ ነው የምታምሪው» ይለኛል። ደስ ብሎት ነበር፤ ወገቡም ተሻለው።

ጎረቤታችን ከአደንጓሬ ሊጥ አካራ ጠብሳ የምትሸጥ ሴት ናት። መንታ ሴት ልጆች ስላሏት ስሟ ቀርቶ ኢያ ኢቤጂ፣ የመንታ እናት፣ እንላታለን። አንድ ቀን ታይዎንና ኬሂንዴን አንድ ዓይነት ቀሚስ አልብሳ «ባባ ሙፉ፣ ልጆቼን አንሱልኝ» አለችው፤ ላሲሲን ሁሉም የሚጠራው በበኩር ልጃችን በሙፉ ስም ነው። ኬሂንዴ ቀጥ ብላ ቆመች። ታይዎ ግን አለቀሰች፤ ጭቃ ላይ ተንከባላ ሮጠች። በአሮጌው ካሜራ ቢሆን መቆሚያውን እስኪተክል፣ ጨርቁን እስኪከናነብ ልጅቷ አልቅሳ ይወጣላት ነበር። ትንሿ ግን አቻኮለችው። ኬሂንዴን አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ አቁሞ አነሳትና ፎቶ በሚያጥብበት ጨለማ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን አተማት።

ወረቀቱ ሲደርቅ አይቼ ጮህኩ። እኛ ዘንድ ከመንታ አንዷ ስትሞት ነው የቀረችው ሁለቴ የምትታተመው፤ ጥንዱ እንዳይጎድል። ላሲሲ ራሱ ለስንቱ ሐዘንተኛ ሠርቶታል።

«ለሞተ የሚደረገውን በሕይወት ላለች ታደርጋለህ? አብደሃል?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል። ማን ይለያቸዋል? ታይዎን ሰሞኑን አነሳታለሁ» አለና ወስዶ ለእናትየው ሰጣት።

ሰሞኑን አላነሳትም። ኩፍኝ ገባና ታይዎ ሞተች።

ላሲሲ ምግብ አልወርድ አለው። «ቦታዋን ለእህቷ የሰጠሁባት እኔ ነኝ። በቁሟ ቀበርኳት» ይላል። «ኩፍኝ ነው የገደላት! ካሜራህ ኩፍኝ ያወጣል?» ብዬ ተቆጣሁት፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ፈርቼ ነበር። ከሞቱም በላይ የሚበላው ሌላ ነገር ነበር። የከተማው ፍየል ሁሉ ፎቶ አለው፤ ታይዎ የላትም። እናቷ ግድግዳ ላይ የሰቀለችውን ለለቀስተኛ ባሳየች ቁጥር ላሲሲን ላብ ያጠምቀዋል። ቢነግራት የልጇን ፊት ሊነጥቃት ነው፤ ባይነግራት በሕይወት ባለችው ልጇ ፎቶ ላይ ስታለቅስ ልትኖር ነው። በበሯ ማለፉን ትቶ በመስጊዱ በኩል ዞሮ መሄድ ጀመረ።

ሐዘኑ ረገብ ሲል ኢያ ኢቤጂ ኬሂንዴን ይዛ ፎቶ ቤታችን መጣች። «ባባ ሙፉ፣ የሚገባውን አድርጉልን፤ ኬሂንዴን ሁለቴ አትሙልን» አለች። ኬሂንዴ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ላሲሲ ካሜራዋን ዓይኑ ላይ አደረገ፤ መጫን አቃተው።

«ይቅር በይኝ» አላት። «ቤትሽ ያለው ፎቶ... ሁለቱም ኬሂንዴ ናት። ታይዎን አላነሳኋትም።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«አውቃለሁ» አለች ኢያ ኢቤጂ። «ልጆቼን የማልለይ መስሎዎት ነው? ቀሚሷን በጭቃ ስላበላሸች ተናድጄባት ነበር፤ ‹ይበልሽ› ብዬ ሰቀልኩት። ታይዎ በየቀኑ ‹እኔ የቷ ነኝ?› ትለኛለች። አንድ ቀን ቀኟን አሳያታለሁ፣ አንድ ቀን ግራዋን። በኋላ ነቃችብኝና ‹እማ፣ እኔ እኮ የለሁም› አለችኝ። ‹ዝም በይ፣ ባባ ሙፉ በዚህ ሲያልፉ ያነሱሻል› አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀሚሷን አላወልቅም ብላ በር ላይ ትቀመጥ ነበር።»

ላሲሲ ካሜራዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አይቻታለሁ» አለ። «ባለፍኩ ቁጥር እጇን ታውለበልብልኝ ነበር። ካሜራዋ ኪሴ ውስጥ ነበረች።»