ገመድ አይደለም፣ ገመድ ነው

እባብ በስሙ አይጠራም። እናቴ እንዲህ ብላ አሳደገችኝ፣ እኔም ይህንኑ ይዤ አረጀሁ። ስሙን ከሰማ ይመጣል። እዚህ የጻፍሁት ማንበብ ስለማይችል ነው። በእኛ ቤት እሱን ያየ ሰው «ገመድ!» ነው የሚል። ያን ጊዜ ሁሉም ባለበት ቀጥ ይላል፣ ዱላ ያለውም ዱላውን ያነሳል።

ያን ቀን ከመርሳ ገበያ እየተመለስን ነበር፤ እኔና የልጄ ሚስት። ወልድያ ተወልዳ ያደገች፣ ቢሮ የምትሠራ ልጅ ናት። ከሠርጉ ወዲህ እኛ ቤት ስትመጣ ገና የመጀመሪያዋ ነው። «ባጃጅ እንያዝ አባባ» ብትለኝ «እግር ለምን ተፈጠረ?» አልኋት። አልተቀየመችም፤ ሳቅ ብላ ተከተለችኝ። አህያው ጨውና ዱቄት ጭኗል።

ወንዙን እንደተሻገርን ጭነቱ ዘመመ። ባየው አንዱ ገመድ የለም፤ መንገድ ላይ ወድቋል።

«ይተውት፣ ሌላ እገዛልዎታለሁ» አለች።

እኔ የወደቀ ዕቃ ትቼ የምሄድ ሰው አይደለሁም። አህያውን ግራር ሥር አስሬ ወደ ኋላ ተመለስን። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ዓይናችን መሬት ለመሬት።

ከማሽላው ማሳ ዳር ስንደርስ፣ ሣሩ ውስጥ አንድ ነገር ተጠቅልሎ ተኝቷል። እፉኝት! ወፍራም፣ ዝንጉርጉር፣ አፈር የመሰለ። ከእግሯ ሁለት ክንድ ቢርቅ ነው። እፉኝት ደግሞ እንደ ሌላው አይሸሽም፤ ሰው እስኪደርስበት ዝም ብሎ ይተኛል።

«ገመድ!» ብዬ ጮህሁ።

«እሰይ! የት አለ?»

«ገመድ! ገመድ! ከፊትሽ!»

«አየሁት፣ አየሁት! እርስዎ አይጎንበሱ፣ እኔ አነሳዋለሁ» ብላ እጇን ዘረጋች።

ወላሂ፣ ደሜ ቀጥ አለ። የሰው ልጅ፣ አደራ የተሰጠችኝ ልጅ፣ በእጇ ልታነሳው! ያን ስም በዕድሜዬ ሙሉ ጠርቼው አላውቅምና ምላሴ እምቢ አለኝ።

«አይደለም! ገመድ አይደለም፣ ገመድ ነው!» አልሁ።

እጇን እንደዘረጋች ዞር ብላ አየችኝ። «ነው ወይስ አይደለም አባባ?»

«እባብ!» አልሁ። «እባብ! እባብ! እባብ!» አንዴ ከወጣ በኋላ ማቆሚያ አጣሁለት። ግራና ከተማ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ወደ ኋላ ዘላ ደረቴ ላይ ወደቀች፤ ሁለታችንም ማሽላው ውስጥ ተዘረርን። እፉኝቱ ጎማ እንደሚተነፍስ «እሽሽሽ» አለና እየተጎተተ ድንጋይ ካቡ ውስጥ ገባ።

«ነክቶሻል? እጅሽን አሳዪኝ!» አልኋት። አገላብጬ አየሁት። ጭረት እንኳ የለበትም። አልሃምዱሊላህ!

እሷ የማሽላ ቅጠል ከፀጉሯ እያራገፈች «አባባ፣ ነድፎኝ ቢሆን ለሐኪሙ ምን ሊሉት ነበር? ገመድ ነደፋት?» አለችኝ።

«እሱን ሐኪሙ ይወቅበት!»

ሳቋ መጣ፤ የኔም መጣ። ከገበያ የሚመለሱ አንዲት ሴትዮ ቆመው አዩን። «አንቱ ሰውዬ፣ ማሽላውን እንዲህ ለምን ተኛችሁበት?» አሉ። ለመነሳትም ልጅቱ ናት ክንዴን ይዛ ያቆመችኝ።

ገመዱን ሳናገኝ አህያውን ይዘን ቤት ስንደርስ ባለቤቴ ነገሩን ከልጅቱ አፍ ሰማች።

«እና ስሙን ጠራኸው? በጠራራ ፀሐይ?» አለችኝ።

«ጠራሁት።»

«ጮክ ብለህ?»

«ጮክ ብዬ።»

ልትቆጣኝ ነው ብዬ ዱላዬን ተደግፌ ጠበቅሁ። እሷ ግን የልጅቱን እጅ ይዛ ከላይ ከታች አየችና ሳመችው። «ደግ አደረግህ» አለችኝ። ይህን ቃል ከእሷ የምሰማው ስንት ክረምት አልፎ ነው! ከዚያማ ሁለቱ ተባብረው እስኪመሽ ሲስቁብኝ ዋሉ። አልተቆጣሁም። የልጅቱ ሳቅ ከጓዳ ሲሰማ ቤቱ ሞላ።