መሪ ያልያዘበት ቀን

ባለቤቴ ሌላ ሰው በሚነዳው መኪና ውስጥ እንቅልፍ ወስዶት አያውቅም። «ሾፌር ሰው በያዘው መሪ አይተኛም» ይላል። የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚኒባስ ስንሄድም፣ ከጎኔ ቁጭ ብሎ ኩርባ በመጣ ቁጥር በቀኝ እግሩ ወለሉን ይጫናል። ፍሬኑ እሱ ጋ ቢሆን ኖሮ ገና የትኖራ ሳንደርስ ስንቴ ባስቆመን ነበር።

የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ተሳቢ ይዞ ዓባይ በረሃን ሲወርድና ሲወጣ ጸጉሩ ሸበተ። እኔ ደጀን አስተምራለሁ፤ ሲመሽ ደግሞ ስልኬን አቅፌ እጠብቀዋለሁ። አሁን ወንድሙ ደጀን መውጫ ላይ ጎሚስታ ቤት ከፍቶ «ና፣ አብረን እንሥራ» ብሎታል። ሰኞ ለመኪናው ባለቤት ቁርጡን መናገር ነበረበት፤ ወይ ይቀጥላል፣ ወይ ቁልፍ ያስረክባል።

እኔ ይብቃው ባይ ነኝ፤ መንገዱ እንደ ድሮው አይደለም። ግን ከመሪ ወርዶ ደጅ ደጁን እያየ የሚቆዝም ባል ደግሞ አልፈልግም። እሱም የሚፈራው ይህንኑ ነው። «እኔ በእግሬ ሄጄ የት እደርሳለሁ?» አለኝ ሐሙስ ራት ላይ።

«ቅዳሜ አሳይሃለሁ» አልኩት። ደንቡንም እኔው አወጣሁ፤ መምህርት አይደለሁ! ቀኑን ሙሉ ደብረ ማርቆስን በእግራችን እናያለን፣ ስለ መኪና አይወራም፤ ባወራ ቁጥር ከእኔ ዕቃ አንድ ይሸከማል።

ደብረ ማርቆስን አያውቃትም ማለቴ አይደለም። የቱ ማደያ ወረፋ እንደማይበዛበት፣ የቱ ቤት ጥብሱ ቶሎ እንደሚደርስ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ከአስፋልቱ አልፎ ገብቶ ግን አያውቅም። ከመናኸሪያ ወጥተን ገና መንገድ ሳንሻገር አንድ የቆመ ተሳቢ አየና «ጎማው ባንድ ወገን ተበልቷል፤ ይሄ ልጅ አያስተካክለውም እንዴ?» አለ። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ማለት ይኼ ነው። ቦርሳዬን አንገቱ ላይ አንጠለጠልኩለት።

መጀመሪያ ማርቆስን ተሳለምን። እሱ በወንዶች በር፣ እኔ በሴቶች በር ገብተን የግድግዳውን ሥዕሎች አየን። ውጭ ስንገናኝ ፊቱ በርቶ ነበር። «ፈረሰኛውን አየሽው? ልጓሙን ባንድ እጁ ይዞ! እኔ ቁልቁለት ላይ በሁለት እጄም ይጨንቀኛል» አለ። ይህ ስለ መኪና ነው ወይስ ስለ ቅዱስ ጊዮርጊስ በሚለው ዐጸዱ ሥር ትንሽ ተከራከርን። እኔ ረታሁ፤ ጃንጥላዬንም ያዘ።

ከዚያ ወደ ድሮው ንጉሥ ቤተ መንግሥት ወጣን። ጥበቃው ሽማግሌ ናቸው፤ አንገቱ ላይ ቦርሳ፣ ብብቱ ሥር ጃንጥላ ሲያዩ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው።

«ምነውሳ እመቤት፣ ጭነት አበዙበት!»

«ከልክ በላይ ነው አባቴ! ኬላ ላይ ቢያገኙኝ ይቀጡኝ ነበር» አላቸው ባለቤቴ። ወዲያው ምላሱን ነከሰ፤ እኔም ሹራቤን አወለቅኩና ትከሻው ላይ ጣል አደረግኩለት።

ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ኖራው፣ ከተማዋ መንቆረር ስትባል ስለነበረው ዘመን የማውቀውን ሁሉ እንደ ክፍል ውስጥ አወረድኩበት። እሱ ግን ግቢው ጫፍ ላይ ቆሞ ቀርቷል። ቦታው ከፍ ያለ ስለሆነ አስፋልቱ ወለል ብሎ ይታያል፤ ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ መኪኖች ተከታትለው ይጓዛሉ። ዓይኑን ከእነሱ አልነቀለም። በቃ፣ ልፋቴ ከንቱ ቀረ አልኩ።

«ስንት ጊዜ በዚያ ሳልፍ ወደዚህ ቀና ብዬ አላውቅም» አለ። ወደ እኔ ዞሮም፣ «ቤታችን በየት በኩል ነው?»

«ሾፌሩ አንተ፤ እኔን ትጠይቀኛለህ?»

«መንገዱንማ አውቀዋለሁ። እዚህ ቆሜ ቤቴን አስቤ ስለማላውቅ ነው።»

እንባዬ መጣ። እንዳያይብኝ «ና፣ ራበኝ» ብዬ ቀደምኩት። ከምሳ በኋላ የድሮውን ሰፈር፣ የጣሊያን ጊዜ ቤቶችን፣ ገበያውን ዞርን። ጫማው እግሩን ልጦት እያነከሰ ነበር። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያልኩ አበሳጨሁት፤ እሱም እኔን ትቶ የቤቶቹን ሰገነት እያየ ይስቃል። እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ቆይቻለሁ።

አመሻሽ ላይ ለመመለስ ሚኒባስ ተሳፈርን። ዕቃዬን ሁሉ ታቅፎ ተቀመጠ፤ እግሩም እንደ ልማዱ ወለሉን መጫን ጀመረ። ሉማሜን እንዳለፍን እግሩ ዝም አለ። ዞር ስል ጭንቅላቱ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ተኝቷል! ሾፌሩ ችኩል ነበር፤ ክላክስ እያስጮኸ ይቀድማል። ባሌ ንቅንቅ አላለም። ትከሻዬ ደንዝዞ፣ በየኩርባው ወለሉን የምጫነው እኔ ሆንኩ።

ረዳቱ «ደጀን!» ሲል ባሌ ብድግ አለ። «አልተኛሁም፤ ሞተሩን እያዳመጥኩ ነበር።»

«እንግዲያው የትኖራን መቼ አለፍን?»

ወርደን ወደ ቤት ስንሄድ ቦርሳዬን እንዲሰጠኝ እጄን ዘረጋሁ፤ አልሰጠኝም።

«ሰኞ ቁልፉን ሳስረክብ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?» አለኝ።

«በእግር ከሆነ» አልኩት።