ተሸኝቶ ያልሄደው እንግዳ

ባለፈው ሳምንት ከጉደር ወደ አምቦ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ አንዲት ሴት በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ጭናቸው ላይ አድርገው አጠገቤ ተቀመጡ። ፀሐዩ በመስኮቱ ገብቶ ቅጠሉን ሲያሞቀው ያ የለጋ ቅቤ ሽታ ተነሣ፤ እኔም ብቻዬን መሣቅ ጀመርኩ። ሴትዮዋ ቅቤያቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። ምክንያቱን ላስረዳቸው ፈልጌ ነበር፤ ግን ከጉደር አምቦ ያለው መንገድ አጭር ነው። ላንተ ልንገርህ።

ሁለተኛ ዲግሪያችንን ስንማር አምቦ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን አብሮኝ የሚኖር ከማላዊ የመጣ ጓደኛ ነበረኝ። የጥናቱ ርእስ ድንች ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በእንጭኒ፣ በአዲስ ዓለምና በሸነን ሰዎች በፈቀዱለት ቁራሽ መሬት ላይ ድንች ሲተክል፣ ሲለካና ሲመዘግብ ኖረ፤ እኔ የኦሮምኛ አስተርጓሚው ነበርኩ። ወደ አገሩ ሊመለስ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ መሬት የሰጡትን ሁሉ ቤታቸው ድረስ ሄዶ ሳይሰናበት እንደማይበር ነገረኝ።

«በተለይ ኦቦን» አለኝ። «ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ሳላመሰግናቸው ብሄድ በራሴ አፍራለሁ።»

ኦቦ የሚላቸው የሸነኑን ሽማግሌ ነው። ቃሉ ከሰው ስም በፊት የሚገባ የአክብሮት መጠሪያ መሆኑን ደጋግሜ ባስረዳውም እርሱ ስም ሳያስከትል «ኦቦ» ብቻ ይላቸው ነበር፤ ሽማግሌውም አቤት ይሉ ነበር።

ጉዞው እንጭኒ ላይ ተጀመረ፤ ጥፋቴም የተጠነሰሰው እዚያው ነው። እዚያ መሬት የሰጠው የግብርና ባለሙያ ባለቤት መብሉን በላይ በላዩ ካቀረቡልን በኋላ መቼ እንደሚሄድ ጠየቁኝ። እውነቱን ተናገርኩ፤ «የሚመጣው ሳምንት ማክሰኞ።»

«ውይ፣ ገና ነው እኮ! ይሄ ስንብት አይባልም። እሑድ ተመልሳችሁ ምሳ ትበላላችሁ።»

ማላዊው ቀበቶውን እያላላ ከቤቱ ሲወጣ ፊቱ ላይ ያየሁትን ፍርሃት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ወይም እንዳልረሳሁት አምናለሁ። ስለዚህ አዲስ ዓለም ስንደርስ አንድ ዘዴ መጣልኝ። የቤቱ ባለቤት የሆኑት መምህር «መቼ ነው ታዲያ?» ሲሉኝ ዓይኔን ሳላሽ «ነገ» አልኳቸው። ውጤቱ አስደናቂ ነበር። በአንድ ሰዓት ውስጥ ተመርቀን፣ ተለቅሶልን፣ በአንድ ሳህን ብቻ ተገላገልን።

በማግስቱ ሸነን ላይም «ነገ» አልኩ። የሽማግሌው ባለቤት ይህን ሲሰሙ ለጋ ቅቤ አምጥተው ለመንገደኛው በረከት ነው ብለው የማላዊውን አናት እስኪያብለጨልጭ ቀቡት። ጎረቤቱ ተሰብስቦ ቤቱን ሞላው። ሽማግሌው ረዥም ምርቃት ከመረቁ በኋላ ወደ እኔ ዞር ብለው «ከየት ነው የሚነሣው? በስንት ሰዓት?» አሉኝ። እኔም ውሸቴን አሣምሬ «ከአምቦ መናኸሪያ፣ ጠዋት በአንድ ሰዓት» አልኳቸው።

በመልሱ መንገድ ሚኒባሱ ሲሞቅ ቅቤው ቀልጦ በማላዊው ጆሮዎች ላይ ይወርድ ጀመር። ተሳፋሪው ሁሉ በአክብሮት ራቅ አለለት።

«ቦሩ ስትል ሰማሁህ» አለኝ ሸሚዙን እየጠረገ። «ነገ ማለት አይደለም?»

«ነው።»

«እኔ የምሄደው ነገ ነው?»

«ለሆድህ አዝኜ ነው።»

«ለኦቦ ግን መዋሸት አልነበረብህም» አለ። ከዚያ በኋላ እስከ አምቦ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተቀመጠ።

በማግስቱ ማለዳ አከራያችን በሩን አንኳኩ። አጥባቂ ጴንጤ ናቸው፤ ድምፃቸው ግን ያን ዕለት የጸሎት አልነበረም። «ተነሡ እንጂ! የሸነን ሽማግሌዎች ሊሸኙ መጥተው በር ላይ ቆመዋል። ማንን ነው የሚሸኙት?»

ሽማግሌው ሦስት ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው (ሁለት ይሆኑ ይሆናል) በመጨረሻው መኪና አምቦ ገብተው፣ ዘመድ ቤት አድረው፣ ቤታችንን ጠያይቀው መጥተው ኖሯል። መንገደኛን ቤት ውስጥ መርቆ መናኸሪያ ሳያደርሱ መቅረት እርሳቸው ዘንድ ነውር እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። በደቂቃዎች ውስጥ ሻንጣ ሞላን፤ ልብስ ለመለየት ጊዜ ስላልነበረ የአከራያችንን ብርድ ልብስና የእኔን መጻሕፍት ጠቀጠቅንበት። አከራያችንን እንዲተባበሩን ብለምናቸው «እኔ አልዋሽም» አሉ። «ከጠየቁኝ ግን ዓይኔን ጨፍኜ እጸልያለሁ።» ሽማግሌዎቹም ስለ በረራው ሲጠይቋቸው ያሉትን አደረጉ፤ ጸሎቱ ስለረዘመ ሁሉም ባርኔጣቸውን አውልቀው አሜን አሉ።

መናኸሪያው ውስጥ ሽኝቱ በሙሉ ክብር ተፈጸመ። ሽማግሌው ብርድ ልብስ የሞላውን ሻንጣ ራሳቸው ተሸክመው አደረሱ። ማላዊው ሊናገር አፉን በከፈተ ቁጥር አንዱ ያቅፈው ነበር። እኔ «እስከ አዲስ አበባ እሸኘዋለሁ» ብዬ አብሬው ገባሁ፤ አውቶቡሱ ሲነቃነቅ አራት እጆች በአንድነት ተነሡ።

ጊንጪ ላይ ወረድን። አንድ አንድ ሻይ ጠጣን፤ ማላዊው ስኳር ማማሰሉን ረስቶ ብርጭቆውን ያይ ነበር። «አሁን ኦቦን መቼም ላያቸው አልችልም» አለኝ። «ባገኛቸው ውሸታም ነኝ፤ ባላገኛቸው ደግሞ ሳላመሰግናቸው ቀረሁ።» የሻዩን ሒሳብ ከፈልኩ። ወደ አምቦ በሚመለስ ሚኒባስ ተሳፈርን።

መናኸሪያው ደርሰን ሻንጣውን ይዘን ስንወርድ ሽማግሌው ከፊታችን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጎረቤቶቻቸው ገበያ ወጥተው እርሳቸው የሸነን መኪና እስኪሞላ ይጠብቁ ነበር። ሻንጣውን አዩ፤ ማላዊውን አዩ። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ እኔ ብቻ አዞሩ።

«ልጄ፣ ያን እንግዳ በደኅና ሸኘኸው?»

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት...»

እጃቸውን አነሡ። «መንገድ የመረቅኩለት ሰው ሄዷል። ምርቃቴን መልሼ አልወስድም። እኔ ያየሁት ሰው የለም፤ ተቀመጥ።» ተቀመጥ ያሉት እኔን ነው፤ የተጠጉልኝ ግን ለሁለት ሰው በሚበቃ ቦታ ነበር። ማላዊው በእኔ ማዶ ተቀመጠ።

«ስልክ አትደውልለትም?» አሉኝ።

ስልኬን አውጥቼ ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ማንም ጋ አልደወልኩም።

«ትናንት በሰው ፊት ያልነገርኩት ነገር አለ በለው። ድንቹ በበሽታ የጠወለገ ጊዜ ማሳው ዳር ቆሞ ሲያለቅስ ከአጥሩ ኋላ ሆኜ አይቼዋለሁ። እሑድ ጸሎት ቤት ሲሄድ ሦስት መደብ ያህል ከራሴ ማሳ ከነአፈሩ እያነሣሁ ተከልኩለት። ሲመለስ እንዳይከፋው ብዬ ነው።»

ተረጎምኩ። የማላዊው ፊት መጀመሪያ ደም የሸሸው መሰለ። በጥናቱ ውስጥ እነዚያ ሦስት መደቦች በሽታውን ተቋቁመው በራሳቸው እንዴት እንዳገገሙ የሚተነትን አንድ ሙሉ ምዕራፍ ነበር፤ መምህራኑም በተለይ ያን ምዕራፍ አድንቀውለታል። ከዚያ ሣቁ መጣ፤ ጉልበቱን ይዞ እንባው እስኪወርድ ሣቀ። ሽማግሌው ፊት ለፊት እያዩ ጢማቸውን ይደባብሱ ነበር።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«ኦቦን አመሰግናለሁ በልልኝ» አለ ማላዊው ዓይኑን እየጠረገ። «ከሥራዬ ሁሉ ምርጡን የሠሩልኝ እርሳቸው ናቸው።»

ይህን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። የሸነን መኪና ሞልቶ ረዳቱ መጣራት ጀመረ። ሽማግሌው ዱላቸውን ተመርኩዘው ተነሡና፣ «ተመልሰህ ትመጣለህ ወይ በለው» አሉኝ።

ጠየቅኩት። ማላዊው መሬት መሬቱን አየ፤ አልመለሰም። ሽማግሌው ይጠብቃሉ፤ ስልኩ ጆሮዬ ላይ ነው።

«እመጣለሁ ይላል» አልኩ።

እስካሁን አልመጣም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይጽፍልኝ ነበር፤ ቀስ በቀስ ቀረ፤ የነበረኝ ቁጥርም አይሠራም። ሽማግሌው ዛሬ ከቤት እምብዛም አይወጡም። ለሥራ ወደ ሸነን በሄድኩ ቁጥር ጎራ እላለሁ፤ ገና ከደጃፉ ስገባ «ያ ልጅ እንዴት ነው? እስቲ ደውልለት» ይሉኛል። ስልኬን አወጣና ጆሮዬ ላይ አደርጋለሁ።

«ድንቹስ እንዴት ይዞሃል በለው» ይሉኛል።

እጠይቃለሁ።